በእጣቢ የወጣው ግማሽ

ዝናብ ካባራ በኋላ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ የሚቀሩትን ጠብታዎች እያየሁ መቆም ጀምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመጣ አመል ነው። ደብረ ታቦር ላይ በክረምት ጉም ሲወርድ ከግቢዬ አጥር ማዶ ያለው ሁሉ ይጠፋና ሽቦውና ጠብታዎቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ተገልብጠው፣ ልውደቅ አልውደቅ እያሉ። ልጄ በመስኮት ታየኝና «እማዬ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» ትለኛለች። የጠፋኝ ነገር የለም። ጠብታ ውስጥ አንድ ነገር እስኪታይ መጠበቅ ሥራዬ ነበር፤ ዓይኔ ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም።

ሙሉነሽ እባላለሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ፤ መጀመሪያ በጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ በሆስፒታል፣ በመጨረሻ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ። በሽኝቴ ቀን ዳዊት የሚባል ወጣት መምህር ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ነገር አሳየኝ። ፕሮቲኑ ከምን ከምን እንደተሠራ በፊደል ይጽፍለታል፤ ኮምፒውተሩ ጥቂት ያስብና ቅርጹን ስሎ ያወጣል። ጠብታ የለ፣ ክሪስታል የለ፣ ጥበቃ የለ። «አዩ እትዬ ሙሌ፣ እናንተ ዕድሜያችሁን የፈጃችሁበትን እኛ ከምሳ በፊት ጨረስነው» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው። እኔም መረቅኩት። ቤቴ ስገባ ግን ሆዴ ባባ። ስለ ራሴ አልነበረም፤ ዶክተር ስንዱ ትዝ ብለውኝ ነው። ይህን የምጽፈውም በእሳቸው ምክንያት ነው።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ስለነበረው ትንሽ ልበል። የመጀመሪያ ምደባዬ ከጣራ ገዳም በታች ባለች የገበያ ከተማ ነበር። ጤና ጣቢያው አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ ብርሃኑን ከፀሐይ በመስታወት የሚቀበል። ሰማዩ ከደመነ እኔም ሕመምተኛውም ደጅ ቁጭ ብለን ፀሐይ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ከገዳሙ የወረዱ አባት ብርድ ብርድ ብሏቸው እየተንቀጠቀጡ መጡ። ደማቸውን አይቼ ወባ መሆኑን ስነግራቸው «እስቲ እኔም ልየው» አሉ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ «ይህ ሁሉ እኔ ውስጥ ሲሰፍር አንድ ቀን እንኳ አላስፈቀደኝም» ብለው አማተቡ። ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ የማየው ሁሉ ቤት ያለው፣ ጎረቤት ያለው፣ የራሱ ጉዳይ ያለው ይመስለኝ ጀመር። ስተኛም እዚያ ሰፈር ውስጥ ስዞር አድራለሁ።

ሆስፒታል ስገባ አለቃዬ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ጓንት ስጠይቃቸው «እጅሽ ምን ሆነ?» ይሉኛል። ደመወዙም እንደ ጓንቱ ነበር። የሆነው ሆኖ ጥርት ያለ ሥራ የለመድኩት እዚያ ነው።

ዶክተር ስንዱን ያወቅኋቸው ዩኒቨርሲቲው ሲቀጥረኝ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ናቸው። ባሕር ማዶ ተምረው፣ ብዙ ዓመት እዚያው ሠርተው፣ ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ አገሬ ብለው ተመለሱ። ብርድ ስለሚፈሩ ነጩ ጋውን ላይ ነጠላ ደርበው ነበር የሚሠሩት። ላቦራቶሪው ውስጥ ሁላችንም እንፈራቸውና እንወዳቸው ነበር፤ እኔ ግን ከመፍራቱ ይልቅ ወደ መውደዱ አደላሁ።

አንድ አመል ነበራቸው። ማይክሮስኮፕ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ረዳቱ ነው። እሳቸው አጠገቡ ወንበር ስበው ዓይናቸውን ይጨፍኑና «ምን ታያለሽ?» ይላሉ።

«ጥሩ ነው ዶክተር፣ ክሪስታል ሊሆን ነው መሰለኝ» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«አይ ሙሌ! ይኸ የምትፈልጊው ነው። የምታዪውን ንገሪኝ።»

«ነጭ ነገር ነው። ጠርዝ የለውም። ጠብታው ሥር ዘቅጧል።»

«እንግዲያ አተላ ነዋ» ይሉና ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጎንበስ ብለው ያረጋግጣሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በጨፈነ ዓይን ይሰማሉ፣ ከዚያ ገልጠው ያያሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ዓይን ችኩል ነው፤ ልቡ የፈለገውን ያያል» አሉኝ።

የምናጠናው ባቄላ ሥር ላይ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ነበር። ሥሩን ከጋፋት ማሳ ራሴ ነቅዬ ያመጣሁበት ጊዜ አለ። ባክቴሪያው ውስጥ ሁለት ኢንዛይሞች ተጣብቀው ይሠራሉ። የመጀመሪያው ከአንድ ነገር ላይ ቁራጭ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ቁራጩን ይቀበልና ባክቴሪያው የሚፈልገውን ምግብ ሠርቶ ይጨርሳል። ችግሩ ቁራጩ አምላጭ ነው። ለአፍታ ከተለቀቀ የባክቴሪያውን ግድግዳ ሾልኮ ይጠፋል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት የውስጥ መንገድ መኖር አለበት ይሉ ነበር ዶክተር።

«ጉርሻ ነው ሙሌ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ጣቶቻቸውን አሰባስበው ወደ አፌ እያስጠጉ። «የሚወድሽ ሰው ያጎረሰሽ ጉርሻ መሬት ነክቶ ያውቃል? ከእጅ አፍ ነው። እኔ ያቺን መንገድ ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ይህን ሲሉኝ ዓይናቸው መታመሙን ገና አላወቅሁም። የዓይን ግፊት ነው ተብለዋል። ከዳር ከዳር እየጨለመ ይመጣና አንድ ቀን መሃሉም ይዘጋል። ሐኪማቸው ማዘግየት እንጂ ማዳን እንደማይቻል ነግሯቸዋል። የነገሩኝ አንድ ጠዋት የቁልፉ ቀዳዳ ጠፍቷቸው በሩን ሲዳብሱ ስላገኘኋቸው ነው። «ሳትከዳኝ በፊት ልድረስባት» አሉ፤ የምትከዳቸው ዓይናቸው፣ የሚደርሱባት መንገዲቱ መሆኗን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አንድ ኢንዛይም ብቻውን አይታይም፤ ከብርሃን ሞገድ ያንሳል። በጣም ብዙ ሆነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው እንደ ተማሪ ሰልፍ መቆም አለባቸው። ክሪስታል ማለት ያ ሰልፍ ነው። በላዩ ራጅ ሲተኮስበት ጨረሩ ይበተናል፤ ከብትኑ ተነሥቶ ቅርጹ በስሌት ይገኛል። ራጁን የሚተኩሰው ትልቅ መሣሪያ ባሕር ማዶ ነው። ሰልፉን ማሰለፍ ግን የእኛ ሥራ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ይራባል፣ ይጨመቃል፣ ፈሳሹ የመጀመሪያውን ኢንዛይም ከነተጣበቀው ጓደኛው በሚይዝ ዱቄት ላይ ይፈሳል። ያልተያዘው ሁሉ ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ የጠራው ፕሮቲን ከጨው ውሃ ጋር ተደባልቆ በስስ መስታወት ላይ ጠብ ይደረጋል። መስታወቱ ተገልብጦ አንዲት ጉድጓድ ላይ ይከደናል፤ አየር እንዳያስገባ ከንፈሩ ቫዝሊን ይቀባል። ጉድጓዷ ውስጥ ያለው ውሃ ከጠብታው ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ፣ ጠብታው ቀስ እያለ ውሃውን በእንፋሎት ይለቃል። ቀስ ካለ ይሰለፋሉ። ከቸኮለ አተላ ነው።

የግዢ ክፍሉ ኃላፊ «ጨው ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ?» ብሎ ወረቀታችንን ስንት ጊዜ መለሰው። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይሞቃል። ዶክተር ግን መላ አያጡም። ጠብታዎቹን ከማቀዝቀዣ አውጥተን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ የጉና ተራራ ብርድ በጋውን ከክረምት እኩል ያደርገዋል። እልኸኛ ጠብታ ሲያጋጥመን ደግሞ የአባታቸውን ጭራ ያመጣሉ። አባታቸው ሽማግሌ ሆነው ዝንብ ያባርሩበት የነበረ የፈረስ ጭራ ነው። ከእሱ አንድ ፀጉር ይነቅሉ፣ ጫፉን የደቀቀ ክሪስታል ያስነኩና በአዲሱ ጠብታ ውስጥ አንድ ጊዜ ይስቡታል። በሳምንቱ ፀጉሩ በሄደበት መስመር ላይ ዘር የተዘራ ይመስል ጥቃቅን ክሪስታሎች ይበቅላሉ። «አባዬ ከሞተም በኋላ ያግዘኛል» ይሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚጠነቀቁት ለእጥበቱ ነበር። ዱቄቱ ላይ የሚፈሰው የመጀመሪያው እጣቢ ጥቁር ቡኒ ነው፤ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ስስ ቢጫ። ያቺ የመጨረሻዋ ቢጫ ታስቸግራለች። ዶክተር ጨውን ጨመር፣ ውሃውን ትንሽ ኮምጠጥ ያደርጉና «አሁንም አልጠራም፣ ድገሚው» ይላሉ። እኔም እደግማለሁ። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ሲል ሁለታችንም ደስ ይለናል፤ እጣቢው ወደ ባልዲ፣ ከባልዲው ወደ ፍሳሽ ነው።

እንዲህ ስንል ለራጅ የሚበቁ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ክሪስታሎች መጡ። ቀለም የሌላቸው፣ ጥርት ያሉ፣ ጠርዛቸው የተሳለ። ምን እንዳየሁ ነገርኳቸው። ዶክተር ዓይናቸውን ገልጠው አዩና ጉንጬን ሳሙኝ። መንገድ ላይ እንዳይናጡ በጥጥ ጠቅልለን አገልግል ውስጥ አስቀመጥናቸው። በሚኒባስ እስከ ባሕር ዳር ዶክተር አገልግሉን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ሄዱ፤ ከዚያ በአውሮፕላን። ፈታሹ «ምን ስንቅ ነው እማማ?» ሲላቸው «የጥቃቅኖች ሠርግ ነው» ብለው ማለፋቸውን ሲመለሱ ነገሩኝ።

የነገሩኝ ግን እየሳቁ አልነበረም። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው ባዶውን አገልግል ሰጡኝ።

«ግማሹ ነው ሙሌ።»

«የምን ግማሽ?»

«የመጀመሪያው ኢንዛይም ብቻውን ነው የተሰለፈው። ሁለተኛው የለም። መንገዱም የለም። ብቻውን ያለውን ደግሞ ሌሎች ቀድመውን አይተውታል።»

ቁጭ አልኩ። እነዚያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ። ሁለቱ ኢንዛይሞች ክብደታቸው እኩል ለመሆን ጥቂት ስለሚቀረው፣ በመፈተሻችን ላይ አንዱ ብቻውን ሲኖርም ሁለቱም ያሉ ይመስሉን ነበር። ዶክተር ምንም አልተቆጡም። ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወደ ቢሯቸው ሄዱ፤ ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው ምን ያህል እንደባሰበት የገባኝ። ከዚያ በኋላ ደጋግመን ሞከርን። ደጋግሞ ያው ግማሽ መጣ። ባጠራነው ቁጥር ግማሹ ይበልጥ ያምር ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ረፋድ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ዶክተር ብቻቸውን ስለሚኖሩ ዶሮ ላግዛቸው ጋፋት መንገድ ላይ ካለው ቤታቸው ሄድኩ። ጓሮ ተቀምጠን ብልቱን በጨውና በሎሚ እናጥባለን። እሳቸው ላባ መቅረት አለመቅረቱን በጣታቸው ነው የሚያዩት።

«ጠራ?»

«ትንሽ ይቀረዋል ዶክተር።»

«ድገሚው እንግዲህ። እናቴ ብታይሽ ይኼኔ አባራሽ ነበር።»

ውሃውን አጥሩ ሥር ደፋሁት። ውሻቸው ቡቺ ሮጦ መጣና የደፋሁትን ይልስ ጀመር። ገና ሳይሰርግ ሊያደርቀው ነው። ዶክተር ድምፁን ሰምተው ሳቁ።

«ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚልሰው?»

«እጣቢ ነው እኮ። የዶሮው ጣዕም ሳይኖረው ይቀራል?» አልኩ።

ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀረ። እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና አሉ። ጉሙ አጥሩን አልፎ ገብቶ ነበር፤ በመካከላችን ያለው ሁሉ ነጭ ሆኖ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ።

«ሙሌ» አሉ፣ «ጨውና ሎሚ። እኛስ በምንድን ነው የምናጥበው?»

«በጨውና በኮምጣጣ ውሃ» አልኩ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ሁለተኛው ኢንዛይም ቀለም አለው። ቢጫ ነው። አንብቤዋለሁ፣ ተማሪ አስተምሬበታለሁ። ባልዲ ውስጥ ሳየው ግን ቆሻሻ መሰለኝ።» እርጥብ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «እድፍ ብለን ጉርሻ ተቀባዩን ነው ከቆራጩ አላቅቀን አጥበን የደፋነው። ቡቺ እንኳ እጣቢ አይንቅም።»

ከበዓሉ በኋላ እጣቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጥነው። ከዚያች ስስ ቢጫ ጥቂት ወስደን ከጠራው ግማሻችን ጋር ስንቀላቅለው፣ ብቻውን ሊጨርስ ያልቻለውን ምግብ ሠርቶ ጨረሰ። ዶክተር ጉባኤ ላይ እንደቆመ ሰው «እነሆ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ እጥበት፣ ኮምጣጣ ነገር የለም። ለእጄ እንዴት እንደከበደው! ያልጠራ ነገር አልቋል ብዬ ማንሳት ቤት ሳይጠረጉ እንግዳ እንደ መቀበል ነበር። ለብዙ ጊዜም አተላ ብቻ ወጣልን። የጭራው ፀጉር እየሳሳ ሄደ። የዶክተር ዓይንም እንዲሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ዶክተር እንደ ልማዳቸው አጠገቤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ምን ታያለሽ?»

«ጠርዝ አለው» አልኩ። «ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ጠብታው ውስጥ ቆሟል።»

«ቀለሙስ?»

«ቢጫ ነው ዶክተር። ጠጅ ይመስላል።»

ወንበሬን ለቅቄላቸው ቆምኩ። እስኪያረጋግጡ ጠበቅሁ። አልተነሡም፤ ዓይናቸውንም አልገለጡም። እንባ ግን በጉንጫቸው ወረደ። «ተቀመጪ ሙሌ፣ አንቺ እዪልኝ» አሉ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በሕይወቴ በዚያ ልክ ደስ ብሎኝም፣ በዚያ ልክ ከፍቶኝም አያውቅም።

ክሪስታሎቹ በዚያው አገልግል ሄዱ፤ ባሕር ማዶ ያለ የቀድሞ ተማሪያቸው ራጁን አስተኮሰ። ሁለቱም ኢንዛይሞች ተቃቅፈው ነበሩ፣ መንገዱም ነበረ። ሥዕሉ በኮምፒውተር ሲታይ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዶክተር እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን ነኩ። «ቀዝቃዛ ነው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ብዙም ሳይቆዩ ሥራ ትተው ቤታቸው ገቡ።

እንግዲህ ዳዊት ላፕቶፑን ያሳየኝ ቀን ሆዴን ያባባው ይኸው ነው። ሁሉም ሰው የፈለገውን ከምሳ በፊት ማየት ሲችል፣ ያን መንገድ ለማየት ዓይናቸውን የጨረሱት ሴት እስካሁን አላዩትም። በማግሥቱ ዳዊት ጋ ተመለስኩ። የእኛውን፣ ከክሪስታሉ የወጣውን ቅርጽ፣ እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆራርጦ በወረቀት እንዲያትምልኝ ለመንኩት። ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ዋለ። ወረቀቶቹን ይዤ ገበያው ዳር እንጨት ወደሚሠሩት ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድኩ።

«ምንድን ነው ይኸ፣ ድንች ነው?» አሉኝ።

«ሁለት የተጣበቁ ድንቾች ናቸው ጋሽ ሰይድ። ግን በሆዳቸው መንገድ አለ። መንገዱን አደራ።»

«ቀለም ልቀባው?»

«አያስፈልገውም» አልኩ።

በዋንዛ ሠሩት። መንገዱን በወረቀቶቹ መሠረት ለሁለት ከፍለው ፈለፈሉና መልሰው ገጠሙት። በነጠላዬ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኩላቸው።

ዶክተር ስንዱ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። እጃቸው ዞረበት። መገጣጠሚያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸኛው ቆራጩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እጃቸውን ወደ ሌላኛው ወገን ወሰዱ። «ይኸኛው ቢጫው።» ከዚያ በትንሿ ጣታቸው ቀዳዳውን አገኙት። «ጭራው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንዲት ፀጉር አምጪልኝ።»

አመጣሁላቸው። ጫፏን በቀዳዳው አስገቡ። ትንሽ ሄደችና ቆመች። ጋሽ ሰይድ መንገዱን ስተውት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ዶክተር ግን አልቸኮሉም፤ ፀጉሯን በሁለት ጣታቸው እያሽከረከሩ እንደገና ገፋ አደረጓት።

«ምን ያያሉ ዶክተር?» አልኳቸው።

ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀጥ ያለ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ያለ ነው የፈለግሁት፤ ሕልሜም ላይ ቀጥ ያለ ነበር። አይደለም ሙሌ። መሃሉ ላይ ይታጠፋል። እዚህ ጋ ጠበብ ይላል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይዞራል።» ሳቁ። «ጠማማ ነው። እንዴት ያምራል!»

ሌላኛውን እጃቸውን መውጫው ላይ ደቅነው ገፏት። የፀጉሯ ጫፍ ብቅ አለችና ጣታቸውን ነካች።

«ደረሰች» አሉ።

ከዚያ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ ለማረጋገጥ ዓይናቸውን ገለጡ።